የማጅራት ፊርማ

ጋሽ ምላጭ በስልሳ ስምንት ዓመት ዕድሜያቸው ፀሐይን ቆመው ጠብቀው አያውቁም። በእሳቸው አገር ፀሐይ ደህና ሠራተኛ ናት፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ከች ትላለች፣ ቀስቃሽ አትፈልግም። ልጃቸው የሚኖርበት አገር ግን፣ ያውም በዚህ አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ብርድ ወቅት፣ ፀሐይ ሹም ሆናለች። ሁለት ሰዓት ካላለፈ ሥራ አትገባም፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ውልቅ! «እኔ ብቀጥራት ኖሮ በሳምንቷ ነበር የማባርራት» አሉ በመጡ በሦስተኛው ቀን። ልጃቸው ከልቡ ሳቀ። ሦስት ሳምንት አብረው ሲከርሙ እንደዚያ ሲስቅ ያዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምላጭ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። አርባ አምስት ዓመት በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በሁለት መስታወትና በሁለት ወንበር፣ የሰፈሩን ሰው ፀጉር ሲያስተካክሉ ኖረዋል። ምላጫቸው ይቆርጣል፤ ምላሳቸው ደግሞ ከምላጫቸው ይብሳል። ፀጉር እየቆረጡ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ፀጉር እየቆረጡ ወንድምና ወንድም አጣልተዋል። ሁለተኛው ወንበር የልጃቸው ነበር። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የልጁን ራስም ቢሆን ከተወለደ እስከ ሃያ ሁለት ዓመቱ ከእሳቸው በቀር የሌላ ሰው መቀስ ነክቶት አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን ያ ልጅ ደንበኛ ፊት ቆሞ፣ «እኔ እንዳንተ ሰው ጭንቅላት ላይ ዕድሜዬን አልጨርስም፤ እሄዳለሁ» አላቸው። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ዝምታ ግን ጋሽ ምላጭ ያልተማሩት ሙያ ነው። ደማቸው ፈላ። «እንግዲያው ጥርግ በል! ከዛሬ ወዲያ መቀስ ብትጨብጥ እጅህ ትድረቅ!» አሉት። የአባት እርግማን እኮ ነው! ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ ፀጉሩ በግማሽ እንደተቆረጠ ብድግ ብሎ፣ «ኧረ ጋሼ! ኧረ ቃልዎን ይመልሱ!» እያለ ለመናቸው። አልመለሱም። ልጁ በሳምንቱ ሄደ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ልጁ ክፉ አልነበረም። ይደውላል፣ ለእናቱ መድኃኒት ይልካል፣ የአባቱን ጤና ይጠይቃል። አንድ ጊዜ፣ «ሥራ ይዣለሁ፤ ከተማው መሃል ነው፣ ከብዙ ሰው ጋር ያገናኘኛል» አለ። ይቺ ለጋሽ ምላጭ በቂ ናት። ከተማ መሃል፣ ከብዙ ሰው ጋር... ቢሮ ነዋ! በማግስቱ ሱቃቸው ለገባ ሁሉ «ልጄ ቢሮ ገባ» ብለው አወሩ። በሳምንቱ ቢሮው ባለ አሥር ፎቅ ሆነ። በወሩ ልጁ ጸሐፊ ተቀጠረችለት። ወሬ እሳቸው እጅ ከገባ እንደ ፀጉር አያጥርም፣ ይረዝማል እንጂ።

አሁን የመጡት ግን ቢሮ ለማየት አይደለም። ባለቤታቸው ሲሸኟቸው በር ላይ ክንዳቸውን ጨምድደው ይዘው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ያቺን ቃል ሳታነሳለት ብትመለስ በሬን አልከፍትልህም» ብለዋቸዋል። እሳቸውም ልባቸው የሚመኘው ይህንኑ ነበር። ልጁ አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ እፊታቸው ወንበር ላይ ቁጭ ቢልላቸው፣ ያን ራስ እንደ ድሮው በሁለት እጃቸው ይዘው ፀጉሩን ቢያስተካክሉለት፣ የይቅርታው ቃል ራሱ ከአፋቸው ይወጣል። ዓይን ለዓይን እየተያዩ «ይቅር በለኝ» ማለት አይሆንላቸውም። ከሰው ማጅራት ኋላ ሲቆሙ ግን የማይናገሩት ነገር የለም።

ልጁ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሹራብ ቆቡን ከራሱ አላወረደም። ቤት ውስጥ ቆብ፣ ሲበላ ቆብ፣ ሲተኛ ቆብ።

«ቤቱ እኮ ይሞቃል» ይሉታል።

«እኔን ይበርደኛል አባዬ።»

አንድ ቀን እንደ ምንም ደፈር ብለው፣ «ፀጉርህ አላደገም? ላስተካክልህ እንዴ?» አሉት። «አይ፣ ደህና ነው፤ አትድከም» ብሎ ኩሽና ገባ። ያን ምሽት እራት አልበላ አላቸው። ሥራ ቦታህን አሳየኝ ሲሉትም፣ «እንግዳ አያስገቡም» አላቸው። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ጠዋት ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። እርግማኔን አልረሳውም፣ አሉ ጋሽ ምላጭ በልባቸው። ያን ራስ ለእኔ አይሰጠኝም። ደግሞ የማን ጥፋት ነው ብለው ይናገሩ?

እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ቀን መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መነሳት አለባቸው። ልጁ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሳቸው።

«አባዬ ተነስ። ዛሬ የዓመቱ አጭሯ ቀን ናት። ጣሪያው ላይ ወጥተን ፀሐይ ስትወጣ እናያለን። ጓደኞቼም ይመጣሉ፤ በዚያው ያንተም ሽኝት ነው።»

«አጭር ከሆነች ምን ያስነሳኛል? እሷም ትተኛ፣ እኔም ልተኛ።»

«ከነገ ጀምሮ እኮ ቀኑ መርዘም ይጀምራል። ለዚያ ነው ሰዉ ደስ የሚለው።»

«እኔ ከሄድኩ በኋላ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ምላጭ፣ ካልሲያቸውን በካልሲ ላይ እየደረቡ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጫማቸውን አሰረላቸው።

ሕንፃው ሰባት ፎቅ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ በአንድ በኩል የውሃ ታንከሮች፣ በሌላ በኩል የልብስ ማስጫ ገመድ አለው። ገመዱ ላይ ፊኛ ታስሯል። አንድ ታጣፊ ጠረጴዛ ላይ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሦስት ትልልቅ የሻይ ፔርሙዝ ተደርድሯል። አሥር የሚሆን ሰው እጁን እያሟሟቀ ይጠብቃል። ከሁሉ ቀድሞ ሮጦ የሳማቸው ሾፌሩ ነው፤ የአገራቸው ልጅ፣ ድብልብል ያለ ታክሲ ነጂ፣ ወደ ማረፊያውም የሚያደርሳቸው እሱ ነው። ከታችኛው ፎቅ ሁለት ወንድማማች ቧንቧ ሠራተኞች መጥተዋል። የሌሊት ተራዋን ጨርሳ በቀጥታ የመጣች ነርስም አለች። ቋንቋ አያግባባቸውም፤ ሁሉም ግን «የወዳጃችን አባት» እያሉ፣ በምስራቅ በኩል ካለው አጥር ሥር ወንበር አምጥተው፣ ብርድ ልብስ ጠቅልለው አስቀመጧቸው።

ፀሐይዋም መጣች። መጀመሪያ የሩቁን ጭስ ማውጫ አቀላች፤ ከዚያ ከሁለት ሕንፃዎች መሃል፣ ከሰው ቤት በር ላይ እንደሚያመነታ እንግዳ፣ ጥቂት ቆም ብላ ብቅ አለች። ነርሷ ጮኸች። «ቆብ አውልቁላት ነው የምትለው!» አለ ሾፌሩ። ሁሉም ቆቡን እያወለቀ ወደ ላይ አውለበለበ፤ ሆታው ቀለጠ። ጋሽ ምላጭም ባርኔጣቸውን አነሱላት፤ ለሴት ነውር የለውም። ያላወለቀ አንድ ልጃቸው ብቻ ነው። ቆቡን በሁለት እጁ ወደ ጆሮው ሳብ አደረገ። ለፀሐይ እንኳ፣ አሉ በልባቸው። እኔ ስላለሁ ለፀሐይ እንኳ አያወልቅም።

ከዚያ ሰዉ ጀርባውን ለፀሐይዋ ሰጥቶ ወደ ሻዩ ዞረ። እሳቸው ወንበራቸውን ወደ ሰዉ አዙረው እዚያው አጥሩ ሥር ቀሩ። ፀሐይዋ ከኋላቸው ሆና እፊታቸው የቆመውን ማጅራት ሁሉ ፍንትው አድርጋ አበራችው። ማጅራት ደግሞ ለጋሽ ምላጭ መጽሐፍ ነው። ያነባሉ። ይቺ በችኮላ የተሠራች፣ ይቺ ቤት ውስጥ ሚስት የቆረጠችው፣ ይቺ ደግሞ... ይቺ...

ጀርባው የሾፌሩ ነው። ብርድ ልብሱን ጥለው ተነሱ፤ ቀረብ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶንዶስ የሚባለውን የፀጉር ማሽን የያዘ ሁሉ ማጅራት ላይ ሲደርስ ቀጥ አድርጎ ይገምጠዋል። ጋሽ ምላጭ ግን እዚያ ሲደርሱ ቶንዶሱን ያስቀምጡና፣ በመቀስ ጫፍ እያሳሱ፣ እያሳሱ ወርደው መሃል ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ሾል ያለች ጫፍ ይተዋሉ። ሰፈር ውስጥ «የጋሼ ፊርማ» ትባላለች። ብዙ ሰው ሊቀዳት ሞክሮ አልሆነለትም። እሳቸውም ያስተማሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ያቺ ጫፍ በሾፌሩ ማጅራት ላይ ቁጭ ብላለች። ዞር ሲሉ የቧንቧ ሠራተኞቹ፣ የታላቁም የታናሹም። ከእነሱ አጠገብ ሻይ የሚቀዳው ጎረቤትም። አይ ልጅ! የገዛ ራሱን ሦስት ሳምንት ሸፍኖ የሰዉን ራስ ረሳው። አባቱን ያህል ሰው እያወቀ፣ አራት ምስክር ራሱ ጠርቶ በፀሐይ ፊት አሰለፈላቸው።

ሾፌሩን በክንዱ ጎትተው ወደ ታንከሮቹ ወሰዱት።

«ፀጉርህን ማን ነው የሚያስተካክልህ?»

ሾፌሩን የሚያኝከው እንቁላል አነቀው። «እ... አንድ ልጅ አለ ጋሼ።»

«የማን ልጅ?»

«ጋሼ በሞቴ፣ አስምሎኛል።»

«በቃ፣ ነገርከኝ» ብለው ለቀቁት።

ሽኝቱ ወደ ቤት ወረደ። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሰው ተጨናነቀ፣ ሙዚቃ ተከፈተ፣ ነርሷ ከቧንቧ ሠራተኞቹ ጋር እየጨፈረች ጋሽ ምላጭንም አስነስታ አሽከረከረቻቸው። ጨፈሩም። ልባቸው ግን ከጣሪያው አልወረደም። መጀመሪያ የመጣባቸው ቁጣ ነው። አይ ያሞኘኝ ነገር! ባለ አሥር ፎቅ ቢሮ አሠርቼ፣ ጸሐፊ ቀጥሬለት! እዚህ ላይ ግን ቁጣው አልቀጥል አላቸው፤ ቢሮውን የሠሩት እሳቸው ናቸው፣ ከልጁ አፍ አንድም ቀን «ቢሮ» የሚል ቃል አልወጣም። ከዚያ የራሳቸው ቃል ትዝ አለቻቸው። መቀስ ብትጨብጥ እጅህ ትድረቅ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ልጁ መቀስ ይዟል። በየቀኑ ይዟል። በየቀኑ ያቺን ቃል ይዞ ነው የዋለው። ማንም ሳያያቸው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተነሱ። ወንበር ጎትተው መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ የቀረበት ቦታ አደረጉ። ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡና፣ «ያን ሙዚቃ ቀንሱት!» አሉ። ሾፌሩ ሮጦ አጠፋው።

«ልጄ፣ ና። ሳልሄድ ፀጉሬን አስተካክለኝ።»

ልጁ የያዘውን ሳህን የሚያስቀምጥበት አጣ።

«እኔ? አባዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዕቃህን አምጣ። ከአልጋ ሥር ይሁን ከቁም ሣጥን፣ ከደበቅክበት አምጣ። እኔ ራሴን ለሌላ ሰው አልሰጥም።»

ልጁ ሾፌሩን አየው። ሾፌሩ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ያ ጠዋት ጠዋት የሚነገተው ቦርሳ ተከፈተ፤ ውስጡ ጨርቅ፣ ማበጠሪያ፣ ሁለት መቀስ። ልጁ ጨርቁን አራገፈ፣ አንገታቸው ላይ አሰረ፣ በለመደ አፉም «እንዴት ይሁን?» አለ። ወዲያውም አፉን በእጁ ያዘ።

«አንተ እንደምታውቀው» አሉት።

የመጀመሪያው ጉርድ ወደቀ። ሁለተኛው ዘገየ።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

«በርዶኝ ነው።»

«ብርድ አይደለም። እኔ ነኝ።»

መቀሱ ቆመ።

«መቀስ ከያዝክ ስንት ዓመት ሆነህ?» አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ።

«ዘጠኝ።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?»

«ምን ብዬ አባዬ? ይሄን ሥራ አልሠራም ብዬ፣ ሰው ፊት አዋርጄህ ጥዬህ ሄድኩ። እዚህ መጥቼ ዕቃ ተሸከምኩ፣ ሳህን አጠብኩ፣ አልሆነልኝም። እጄ የሚያውቀው ይቺን ብቻ ናት። አንተ ደግሞ ቢሮ ገባ ብለህ አውርተሃል።» ድምፁ ተቆራረጠ። «ጠዋት ሱቅ ስከፍት፣ መቀስ ከማንሳቴ በፊት፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፌ እዘረጋቸዋለሁ። ደርቀው እንደሆነ ለማየት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።»

ጋሽ ምላጭ ዞረው ሊያዩት ፈለጉ፤ ልጁ ግን በሙያው ልማድ ራሳቸውን በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ ወደ ፊት መለሰው። እንደዚያው፣ አንገታቸውን እንደደፉ ተናገሩ።

«ስማኝ ልጄ። ያን ቀን የተናገረው አፌ ነው፣ ልቤ አይደለም። ያቺን ቃል አንስቻታለሁ፤ ንፋስ ይውሰዳት። እጅህ ይለምልም። የያዝከው ይባረክ። መቀስህ አይዶልዱም፣ ወንበርህ ሰው አይጣ። ይቅር በለኝ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አሜን!» አለ ሾፌሩ እንባውን በክንዱ እየጠረገ። «አሜን» አለች ነርሷ፤ ሌላውን ባትሰማ ይቺን ታውቃታለች። ቧንቧ ሠራተኞቹም ተከተሉ። ልጁ መቀሱን እንደያዘ ግንባሩን አባቱ ትከሻ ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

ኋላ ሥራውን ጨረሰ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ጋሽ ምላጭ መቀስን በጆሮ ነው የሚያውቁት፤ ልጁ አልቸኮለም፣ አልተጎተተም፣ ማጅራታቸው ላይ ሲደርስ ቶንዶስ አልፈለገም። በአርባ አምስት ዓመት ለስንቱ ያኖሯት ያቺ ጫፍ፣ በራሳቸው ማጅራት ላይ ስትተከል ይህ የመጀመሪያው ነው። በጣታቸው ዳበሷት።

«አሁን አንተ ተቀመጥ» አሉ በመጨረሻ፣ ጨርቁን ከአንገታቸው እየፈቱ።

ልጁ ቆቡን አወለቀ። ማጅራቱ ላይ ያቺው ጫፍ አለች፤ ብቻ ወደ ግራ ጠመም ብላለች።

«ይሄን ማን ነው የጨፈጨፈህ?»

«የሥራ ባልደረባዬ ነው። እኔው አስተምሬው። ብታያት ታውቃለህ ብዬ እኮ ነው የደበቅኩህ።»

«መምህሩ መሆንህ አያሳፍርህም?» አሉና ሳቁ። ልጁም ሳቀ፣ ተቀመጠም። ጋሽ ምላጭ ከኋላው ቆሙ፤ ያን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙት። ሳሙና ሳሙና ይላል። በልጅነቱ ወድቆ የተፈነከተባት ጠባሳ እዚያው ቦታዋ ላይ ናት። አሥራ አንድ ዓመት የናፈቁት ይሄንን ነበር፤ መቀስ ለማንሳት እጃቸውን ሊያነሱለት አልቻሉም።

«ጋሼ» አለ ሾፌሩ ከበሩ ቀስ ብሎ። «ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አውሮፕላኑ አይጠብቀንም።»

መስኮቱ ላይ የነበረው ብርሃን ወደ ግድግዳው ጥግ ሸሽቷል። ሾፌሩ ሻንጣውን አንስቶ ወደ ደረጃው ወጣ። ነርሷ የጋሽ ምላጭን ካፖርት ይዛ ቆማለች።

«አልቆረጥኩህም» አሉ፣ እጃቸውን ሳያነሱ።

«ሌላ ጊዜ አባዬ።»

«ሌላ ጊዜ መቼ ነው?»

ልጁ ሱቅ አለበት፣ የመኖሪያ ወረቀቱ አላለቀም፤ መቼ ይበል?

«እንግዲያው ስማኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ራስ ለማንም እንዳትሰጥ፤ ለዚያ ለጨፍጫፊህም። ተወው ይደግ። አሳድገህ ይዘህልኝ ና።»

«ብዙ ቢያድግስ አባዬ? ትከሻዬ ላይ ቢደርስስ?»

«ትከሻህ ላይ ሳይደርስ ና» አሉ ጋሽ ምላጭ። «እኔ ያን ያህል ፀጉር የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም።»